ሰባት ቀን የሚቆይ በረዶ

ሠላሳ ዓመት ከጥጥ ጋር ኖሬያለሁ፤ ሃያውን በፋብሪካ ፈትል ክፍል፣ አሥሩን ደግሞ እዚሁ ባሕር ዳር በአንድ የጨርቃ ጨርቅ ኮሌጅ ወርክሾፕ። ስሜ እናትዓለም ነው፤ ተማሪዎቹ ግን በሌለሁበት «እሳቷ» ይሉኛል። እውነታቸውን ነው። ማሽን ሳያጠፋ እጁን የሚሰድ ልጅ ካየሁ እጮሃለሁ፤ ጮኼም ብዙ ጣት አትርፌያለሁ። እናም ኪዲ የምትባል የማስተርስ ተማሪ በሩ ላይ ቆማ «ማዘር፣ ከማሽኑ ሥር የሚጠርጉትን እንዳይጥሉብኝ፤ እፈልገዋለሁ» ስትለኝ፣ መጀመሪያ የመለስኩላት «የማን ማዘር ነኝ?» ብዬ ነው።

ልጅቷ ሀዋሳ ያደገች፣ ቀጭን፣ ሳቂታ፣ ስልኳን ከእጇ የማትለይ ናት። ብትቆጧት አትቀየምም፤ ይህ ደግሞ ቁጡ ሰውን ያደክማል። ጥራጊው ምን እንደሚያደርግላት ብጠይቃት «ስፖንጅ እሠራበታለሁ» አለችኝ። ከጥጥ ጥራጊ ስፖንጅ! ዕድሜዬን ሙሉ ስጠርገው፣ በጆንያ ስሞላው፣ መኪና ጭኖት ሲሄድ ሳይ የኖርኩት ነገር እኮ ነው። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ብዬ ጆንያውን ሰጠኋት።

አሠራሩን ግን ቆሜ አየሁ። ጥራጊውን ትቆራርጠዋለች፣ ትፈጨዋለች፣ ውሃ ውስጥ ትበትነዋለች፣ ትንሽ ማጣበቂያ ጠብ ታደርግበታለች። እስከዚህ ድረስ ቀጭን አጥሚት ነው የሚመስለው። ከዚያ በትሪ አድርጋ ድንጋይ እስኪሆን ድረስ በረዶ ታደርገዋለች። ቀጥሎ ያለው ነው የገረመኝ። ማድረቂያ ማሽኑ ውስጡ ያለውን አየር መጥጦ ሲያወጣ፣ በረዶው ሳይቀልጥ እንዲያው እንፋሎት ሆኖ ይሄዳል። ጥጡ በቆመበት ይቀራል፤ በረዶው የነበረበት ቦታ ሁሉ ባዶ ቀዳዳ ይሆናል። የመጀመሪያውን ቁራጭ መዳፌ ላይ ስታስቀምጥልኝ፣ የተቀመጠ ነገር መኖሩን ያወቅኩት ስላየሁት ብቻ ነው።

«ምን ይጠቅማል?» አልኳት።

«ሙቀት አያሳልፍም ማዘር። ቀዳዳው ውስጥ አየር ታስሮ ይቀመጣል፤ የታሰረ አየር ደግሞ ሙቀቱን ይዞ መሻገር አይችልም።»

«ጥሩ፤ ተመረቂበት» አልኳትና ወደ ሥራዬ ሄድኩ። ያን ጊዜ ምንም አልመሰለኝም።

ነገሩ የእኔ ጉዳይ የሆነው በዐቢይ ጾም ሁለተኛ ሳምንት፣ ታናሽ ወንድሜን የራሱ ተማሪዎች በቃሬዛ ተሸክመው ከጀልባ ያወረዱት ቀን ነው። ወንድሜ መሪጌታ ፍሬ ስብሐት ይባላል። ከባሕር ዳር በጀልባ ሁለት ሰዓት ከሚያስኬድ አንድ የሐይቅ ዳር ደብር ውስጥ ድጓ ያስተምራል። ስኳር በሽታ ካገኘው ስድስት ዓመቱ ነው፤ በቀን ሁለት ጊዜ ኢንሱሊን ይወጋል። እዚያ ማቀዝቀዣ የሚያንቀሳቅስ መብራት የለም፤ ያለችው ሶላር ስልክ ሞልታ ታድራለች፣ ያ ነው አቅሟ። መድኃኒቱን በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልሎ ነበር የሚያስቀምጠው። የዘንድሮ በልግ ሙቀት ግን በእርጥብ ጨርቅ የሚመለስ አልሆነም።

ሐኪሙ ብልቃጡን ወደ ብርሃን አንስቶ አየው። «ይህ ተበላሽቷል» አለኝ። «ሲወጉ የከረሙት ውሃ ነው ማለት ይቻላል። ማቀዝቀዣ ባለበት ቦታ መኖር አለባቸው።»

ወንድሜ ነቅቶ ይህን ሲሰማ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ። ሦስት ቀን አላናገረኝም። ከሆስፒታል ወጥቶ ቤቴ ሲገባ ነው ቃሉን የሰጠኝ።

«እስከ ዳግማይ ትንሣኤ እቆይልሻለሁ፣ እታለም። ማግስቱን ሰኞ ግን ጀልባ ተከራይቼም ቢሆን ተማሪዎቼ ጋ ነኝ።»

«መድኃኒቱስ?»

«እግዚአብሔር ያውቃል።»

«እግዚአብሔርማ ያውቃል፤ ያላወቅሁት እኔ ነኝ!» ብዬ ጮህኩበት። ፈገግ አለ። ይህን ሰው ከልጅነቱ አውቀዋለሁ፤ እሄዳለሁ ካለ ይሄዳል። ሠላሳ አራት ተማሪዎች አሉት፤ ሁለቱ ድጓውን ሊያስመሰክሩ አንድ ዓመት ነው የቀራቸው። ከመካከላቸው አንዱ በየቀኑ ኔትወርክ ወዳለበት ኮረብታ ይወጣና በስልክ እያዜመ ያሰማዋል። ወንድሜ ደግሞ ሳሎኔ ውስጥ ተቀምጦ «የዜማውን ርክርክ ዋጥኸው! ከላይ ጀምር!» እያለ ስልኩ ላይ ይጮኻል። ሲጨርስ ስልኩን ያስቀምጥና «በሽቦ ዜማ አይቃናም» ይላል፤ ሽቦ የሌለው ስልክ መሆኑን ብነግረውም አይሰማኝም።

ከገበያ የፕላስቲክ በረዶ መያዣ ሳጥን ገዛሁ። ደብሩ ደርሶ የሚመለሰው የገበያ ጀልባ ቅዳሜ ቅዳሜ ብቻ ስለሆነ፣ በረዶ መላክ የምችለው በሳምንት አንድ ጊዜ ነው። እናም የምፈልገው ሰባት ቀን የሚቆይ በረዶ ነበር። ዓሣ ሻጮቹ በረዶ ሞሉልኝ። በሁለተኛው ቀን ማታ ሳጥኑን ብከፍተው ውሃ ሆኗል። ተናድጄ የሳጥኑን ግድግዳ በጡጫ ብመታው ከበሮ ነው፤ ውስጡ ባዶ! ያኔ ነው የኪዲ ስፖንጅ ትዝ ያለኝ። ሳጥኑን ተሸክሜ ላቦራቶሪ ገባሁ።

«ይህን ግድግዳ ሙይልኝ» አልኳት። «ሰባት ቀን ይቆይ።»

«ሰባት ቀን? ማዘር፣ ቴሲስ ነው የምሠራው እንጂ ተአምር አይደለም እኮ!»

«ተአምሩን ለእኛ ተይው። አንቺ ግድግዳውን ሙይ።»

ስለ ወንድሜ ስነግራት ሳቋ ቆመ። በዚያው ቀን ሳጥኑን በመጋዝ ከፈትነው።

በመጀመሪያ ከማሽን ሥር ጥራጊ በተሠራ ስፖንጅ ሞላነው፤ በረዶው በአራተኛው ቀን አለቀ። ያልታጠበ ጥጥ የራሱ ቅባት አለውና ከውሃ ጋር አይስማማም፤ ተጓጉሎ ትልልቅ ቀዳዳ ይሠራል። ቀጥሎ ከልብስ ሰፊዎች ቁርጥራጭ ለመንን፤ ስፖንጁ በጣቴ ስነካው እንደ ደረቅ ድፎ ዳቦ ተፈረፈረ። ኪዲ ኮምፒውተሯ ላይ አፍጥጣ ምክንያቱን ስትፈልግ፣ እኔ ከቁርጥራጩ አንድ ክር መዝዤ ክብሪት ጫርኩበት። ጥጥ ሲቃጠል ወረቀት ወረቀት ይሸታል፣ አመዱም ሲነኩት ይበናል። ይህ ግን ተንጠባጠበና ጫፉ ላይ ጠጠር ሆኖ ቀረ።

«ግማሹ ፖሊስተር ነው» አልኳት።

ኪዲ ክሩን አየች፣ እኔን አየች። «ይህን ሌላ ላቦራቶሪ ለመላክ ደብዳቤ ጽፌ ሁለት ሳምንት እየጠበቅኩ ነበር እኮ» አለች። ከዚያ ቀን ወዲህ ምንም ሥራ ሳታማክረኝ አልጀመረችም። እውነቱን ለመናገር ደስ አለኝ። ሠላሳ ዓመት ስሠራ የማውቀውን ነገር የጠየቀኝ ሰው ብዙ አልነበረም።

እየመረጥን፣ ክር እያቃጠልን ንጹሑን ጥጥ ብቻ ለየን። በረዶው አምስት ቀን ቆየ። ሁለት ቀን ጎደለን። «የጨርቁ ቀለምና ማድመቂያ ኬሚካል ነው ያስቸገረን» አለች ኪዲ። «ቀለም ያልነካው፣ ብዙ ጊዜ የታጠበ፣ ያረጀ የጥጥ ጨርቅ ባገኝ...»

የት እንደሚገኝ አውቅ ነበር። የወንድሜ ደብር ጠበል አለው። ጠበልተኞች ሲድኑ የመጡበትን ልብስ ጥለው ይሄዳሉ፤ ያ ሁሉ ልብስ በጆንያ ታጭቆ በዕቃ ቤቱ ይቀመጣል። በቀጣዩ ቅዳሜ በጀልባ ሄድኩ። ዕቃ ቤቱን የሚጠብቁት አባ ሣህሉ ስለ ወንድሜ ደህንነት ጠይቀው ሲያበቁ፣ «ጠብቂኝ፤ ለጸሎት ልግባና ወጥቼ እሰጥሻለሁ» ብለው በሩን ገርበብ አድርገውልኝ ገቡ። ጠበቅኩ። ባለ ጀልባው ጠራኝ። ጠበቅኩ። ባለ ጀልባው ሞተሩን አስነሳ። እኔ ደግሞ መጠበቅ የማይሆንልኝ ሰው ነኝ።

ገባሁ። ሁለት ጆንያ አለ። አንዱን ብፈታው ጂንስና ባለ ጽሑፍ ካናቴራ ነው። ሌላውን ብፈታው ነጭ፣ በእጅ የተፈተለ፣ ታጥቦ ታጥቦ የለሰለሰ ጥጥ! ሽመናውን በጣቴ ዳሰስኩት፤ ዕድሜዬን ሙሉ እንዲህ ያለ ጨርቅ በቆሻሻ ውስጥ አይቼ አላውቅም። አጣጥፈው ነበር ያስቀመጡት። ቆሻሻ ጨርቅ ማን አጣጥፎ ያስቀምጣል ብዬ ለመጠየቅ ግማሽ ደቂቃ ይበቃኝ ነበር፤ አልጠየቅኩም። ጆንያውን አዝዬ ሮጥኩ።

ኪዲ ለፋሲካ ሀዋሳ መሄዷን ትታ ቀረች። ቆረጥን፣ ፈጨን፣ በረዶ አደረግን፣ አደረቅን። የወጣው ስፖንጅ እንደ ባዘቶ ነጭ ነበር፤ ብትጫነው ይመለሳል፣ አይፈረፈርም። እርጥበት እንዳያገኘው በላስቲክ አሽገን ግድግዳው ውስጥ ጠቀጠቅነው። በረዶ ሞልተን የቆርቆሮ ጣሪያው በሚግልበት ወርክሾፕ አስቀመጥነው። የፋሲካ ሳምንት ረቡዕ፣ በሰባተኛው ቀን፣ ክዳኑን ስናነሳ ጡጫ ጡጫ የሚያክል በረዶ ተንሳፍፎ ጠበቀን። ኪዲ ጮኸች። እኔ እልል አልኩ። የዘበኛው ራዲዮ ምን እንደሚዘፍን እንጃ፣ ብቻ ሁለታችንም ትከሻችንን ሰበቅን። ለወንድሜ ስልክ ደወልኩና «ሰኞ ሂድ!» አልኩት። ሲያለቅስ ሰማሁት።

ደስታዬ የቆየው እስክንጠርግ ነው። ኪዲ ስትቆርጥ ለማሽን የማይመች ጥልፍ ያለበትን እየለየች ቅርጫት ውስጥ ታስቀምጥ ነበር። ቅርጫቱን ልደፋ ሳነሳ አንድ ቁራጭ ወደቀ። መስቀል አለበት። መስቀልስ የሐበሻ ቀሚስ ላይም አለ። ከመስቀሉ ሥር ግን በቀይ ክር ጽሑፍ ተጠልፏል፤ «መጋረጃ ዘቤተ መቅደስ» ይላል።

መንበሩን ሸፍኖ የኖረ መጋረጃ፣ ቄስ ካልሆነ በቀር የማይነካው ጨርቅ፣ እኔ በጆንያ አዝዬ በጀልባ ጭኜዋለሁ፣ በመቀስ አስቆርጬዋለሁ፣ በማሽን አስፈጭቼዋለሁ። የቸኮለ አፍስሶ ለቀመ ይባላል፤ እኔ ያፈሰስኩት ግን የሚለቀም አልነበረም።

«የቀሚስ ጥልፍ መስሎኝ ነው» አለች ኪዲ፣ ፊቴን አይታ። «ምን አጠፋሁ?»

«አንቺ ምን ታውቂ» አልኳት። «የመረጥሁት እኔ ነኝ።» ነገሩን ሳስረዳት ወንበር ፈልጋ ተቀመጠች።

ቁራጩን በነጠላዬ ጠቅልዬ በሐይቁ ዳር በእግሬ ወደ ቤት ሄድኩ። ታክሲ መሳፈር አልቻልኩም፤ ከሰው ጋር መቀመጥ አስፈራኝ። ዝም ካልኩ ወንድሜ ሰኞ ሳጥኑን ይዞ ይሄዳል፣ ይኖራል። ማንም አያውቅም። ከተናገርኩ ሳጥኑን አይነካውም፤ ሳጥኑ ቢቀርም መሄዱ አይቀርም፤ ክረምቱን ማየቱንም እንጃ። ዝም በይ አልኩ ለራሴ። አንድ ወንድም ነው ያለሽ፣ ዝም በይ። ቤቴ በር እስክደርስ ዝም ልል ወስኜ ነበር።

ስገባ ስልኩን ይዞ ያስተምራል። ዓይኑን ጨፍኗል፣ በእጁ ጉልበቱን መታ መታ እያደረገ ከልጁ ጋር አብሮ ያዜማል። ይህ ሰው ዕድሜውን ሙሉ በዚያ መጋረጃ ፊት ቆሞ ያመሰገነ ነው። እሱን እንዴት እዋሸዋለሁ? ቁራጩን ጭኑ ላይ አስቀመጥኩለት።

አነበበው። ስልኩን ዘጋ። ተነሥቶ ቆመና ጨርቁን ሳመው።

«ከወዴት አገኘሽው?»

ነገርኩት። አንድም አላስቀረሁም።

«አባ ሣህሉን ለምን አልጠበቅሻቸውም?»

«ጀልባው ሊሄድ ነበር።»

«ጀልባው ሁልጊዜም ሊሄድ ነው፣ እታለም።» ተቀመጠ። «ባትነግሪኝ ኖሮስ?»

«ትኖር ነበር።»

«አንቺስ?»

እጄን ያዘኝ። «እኔ በራሴ ጉዳይ ዳኛ አልሆንም» አለኝ። «ቅዳሜ ሳጥኑን ይዘን እንሄዳለን። አለቃ የፈረዱትን እቀበላለሁ። አቃጥሉት ካሉ ይቃጠላል።»

«አንተስ?»

«እኔ ከተማሪዎቼ ጋር እሆናለሁ።»

ቅዳሜ ኪዲም መጣች። አይሆንም ብላት አልሰማ አለች፤ «የአንድ ዓመት ሥራዬ ነው፤ የሚቃጠልም ከሆነ ሲቃጠል ልየው» አለች። ሳጥኑን በረዶ ሞልተን፣ የወንድሜን መድኃኒት አስቀምጠን ተሳፈርን። ፍርዱ ምንም ይሁን መድኃኒቱ መንገድ ላይ እንዳይሞቅበት ነው። ተማሪዎቹ ወደቡ ላይ ተደርድረው ሲጠብቁት አየሁ። ጉልበቱን ሊስሙ ሲሻሙ ሊጥሉት ነበር፤ በሌላ ቀን ቢሆን እቆጣቸው ነበር።

የደብሩ አለቃ መርስዔ ኀዘን ሰባ ዓመት ያለፋቸው፣ ትንሽ የሚያወሩ ሰው ናቸው። ከቤተ ክርስቲያኑ ውጭ በዋንዛ ጥላ ሥር ተቀምጠው ሰሙን። አባ ሣህሉ አጠገባቸው ቆመው፣ የዕቃ ቤቱን ቁልፍ በሁለት እጃቸው ጨብጠዋል። ያ ጆንያ በዓለ ሃምሳው ሲያልፍ በሥርዓቱ ሊቃጠል የተቀመጠ ነበር። ቀድሜ ተናገርኩ።

«ሳልጠይቅ ወሰድሁ፣ አባቴ። አባ ሣህሉ ጥፋት የለባቸውም፤ ጠብቂ ብለውኛል። ይቺም ልጅ አላወቀችም። ያጠፋሁት እኔ ነኝ።»

አለቃ ራሳቸውን ነቀነቁና የተረፈውን የስፖንጅ ቁራጭ ጠየቁ። ኪዲ በሁለት እጇ ሰጠቻቸው። መዳፋቸው ላይ አድርገው ከፍ ዝቅ አደረጉት።

«ይህ ያ መጋረጃ ነው?»

«አዎ፣ አባ» አለች ኪዲ።

«ተመልሶ ጨርቅ ይሆናል?»

«አይሆንም።»

«እንግዲህ ለመጋረጃነት አይበቃም» አሉ። «ያረጀ ንዋየ ቅድሳት እንደ ተራ ጨርቅ አይጣልም፤ ለገበያም ለመኖሪያ ቤትም አይውልም። ሥርዓቱ በቅጽሩ ውስጥ ይቃጠል፣ ወይም በንጹሕ ቦታ ይቀበር ነው። ከዚህ የምወጣበት መንገድ የለኝም።» ወደ ወንድሜ ዞሩ። «መሪጌታ፣ ምን ይላሉ?»

«ሥርዓት ነው» አለ ወንድሜ።

አለቃ ስፖንጁን ለአባ ሣህሉ አቀበሉ። «እንግዲያው ቅበሩት» አሉ።

አለቀስኩ። ሰው መካከል አልቅሼ አላውቅም፤ ያን ዕለት ግን እንደ ልጅ አለቀስኩ። ኪዲ ትከሻዬን ያዘችኝ። ከተማሪዎቹ ሁለቱ ዶማ ሊያመጡ ሲነሡ፣ አለቃ በመቋሚያቸው ጠሯቸው።

«የት ነው የምትቆፍሩ?»

«ከአጥሩ ሥር ነዋ፣ አባታችን።»

«አይደለም። እዚህ፣ ከዋንዛው ጥላ ቆፍሩ፤ ፀሐይ አያገኘውም። ዙሪያውን በድንጋይ ግደቡት። ሳጥኑን እስከ አንገቱ ቅበሩት፤ ክዳኑ ግን ከላይ ይሁን። መሪጌታ መድኃኒታቸውን የሚያወጡት በምን በኩል ነው?»

መጀመሪያ የሳቀው ወንድሜ ነው፤ የድጓ መምህር ሳቅ ደግሞ ሐይቁ ማዶ ይሰማል። አለቃ አልሳቁም። «አያስቅም» አሉ። «ቤተ ክርስቲያንን ያገለገለ ከቅጽሩ ወጥቶ አይቀርም፤ ይኸው ተመልሷል። ይቀበር ተባለ፤ ይኸው ተቀበረ። ግን ስሙኝ፤ ከድውይ መድኃኒት በቀር ምንም አይገባበትም። የማንንም ለስላሳ ስታቀዘቅዙበት ካየሁ ወዮላችሁ።»

ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። «አንቺ ደግሞ ያለ ንስሐ አታልፊም። ወቅቱ በዓለ ሃምሳ ነው፤ ስግደትም ጾምም አላዝሽም። የዕቃ ቤቱን ጆንያ ሁሉ ከአባ ሣህሉ ጋር ሆነሽ ትለዪያለሽ፤ በያንዳንዱ ላይ ምን እንደሆነ ትጽፊያለሽ። እሳቸው ግቢ ሳይሉሽ ደግሞ በሩን አታልፊም።»

«እሺ፣ አባቴ» አልኩ። አባ ሣህሉ ቁልፋቸውን ወገባቸው ላይ አሰሩና በዚያች ደቂቃ ጀመሩብኝ፤ አንድ ሰዓት በር ላይ አቆሙኝ። ይገባኛል፤ ቆምኩ። ኪዲ ከጉድጓዱ አጠገብ ተንበርክካ ድንጋዩን ለልጆቹ እያሳየች ታስደረድር ነበር። «ማዘር፣ መሬቱ ራሱ ቀዝቃዛ ነው! ይሄንን እንዴት አላሰብኩትም?» ብላ ጮኸችልኝ። የመቶ ዓመት የግቢው ጸጥታ ደፈረሰ፤ አለቃም ሰምተው እንዳልሰማ ሆኑ።

በቀጣዩ ቅዳሜ አዲስ በረዶ ይዘን ተመለስን። ኪዲ የጠበልተኞቹን ካናቴራዎች ቀለም የምታወጣበት መንገድ አግኝቻለሁ እያለች ጀልባው ላይ ስትለፈልፍ መጣች። ልጆቹ ከዝናብ የሚያስጥል ትንሽ የሣር ክዳን በሳጥኑ ላይ ሠርተዋል። ደብተራውም ተማሪውም ከበበን። ወንድሜ ክዳኑን እንድከፍት ምልክት ሰጠኝ። ከፈትኩት።

በረዶው እኩሌታው አለ። ኪዲ ሙቀት መለኪያውን አውጥታ አየችውና ለእኔ ዘረጋችልኝ። ወንድሜ ብልቃጡን አንስቶ ጉንጩ ላይ አደረገው። ሳምንቱን ሙሉ በሰዓቱ ወግቷል፣ ሳምንቱን ሙሉ አስተምሯል። ፊቱ ላይ ደም ተመልሶ ነበር። ደስታዬን የማደርግበት አጣሁና አጠገቤ የቆመውን ተማሪ «ራቅ በል፣ በረዶውን ታቀልጠዋለህ» ብዬ ተቆጣሁት።

ሰዉ ሲበታተን አንዲት መነኩሲት ወደ ኋላ ቀሩ። እማሆይ ወለተ ኪዳን ናቸው፤ የደብሩን መገበሪያ ስንዴ የሚያጠሩ፣ ድምፃቸው የማይሰማ ሴት። ዙሪያቸውን አዩና ወደ እኔ ተጠጉ። ከነጠላቸው ጫፍ ቋጠሮ ፈትተው ብልቃጥ አወጡ። እንደ ውሃ መጥራት የነበረበት መድኃኒት ደፍርሷል።

«እናትዓለም» አሉኝ በሹክሹክታ፣ «ለእኔም ቦታ ይተርፍ ይሆን?»

«ከመቼ ጀምሮ ነው፣ እማሆይ?»

«ሦስት ዓመት ሆነኝ። በክረምቱ ደህና ነኝ፤ በበጋው ዓይኔ ይጋረድብኛል፣ እወድቃለሁ። ለፍሬ ስብሐት የሆነውን አየሁና ፈራሁ።»

«ለምን አልተናገሩም?»

«ብናገር ወደ ከተማ ይወስዱኛላ። ወጥቼ ቀረሁ ማለት ነው። እዚሁ ልሙት ብዬ ነው።»

«ማን ሙቱ አለዎት!» ብዬ ጮህኩባቸው። ደነገጡ። እኔም ደነገጥኩ፤ በመነኩሲት ላይ መጮኼ ነው። ተንበርክኬ ጉልበታቸውን ሳምኩና ድምፄን ዝቅ አደረግኩ። «ያንን እንዳይወጉት። ዛሬ ከእኛ ጋር በጀልባው ይሄዳሉ፤ ሐኪም ያይዎታል፣ አዲስ መድኃኒት ይይዛሉ። እኔ ቤት ያድራሉ።»

«ትመልሽኛለሽ?»

«የሚመጣው ቅዳሜ ራሴ እመልስዎታለሁ።»

አላመኑኝም። ስንቱ በሽተኛ «ትመለሳለህ» ተብሎ ከዚያ ወደብ ወጥቶ እንደቀረ ያውቃሉ። ስለዚህ ወደ ሳጥኑ ጎንበስ አልኩ፤ የወንድሜን ብልቃጦች አንድ በአንድ ወደ አንዱ ጥግ ገፋሁ፤ ግማሹን ባዶ አደረግኩት። እጃቸውን ይዤ ቅዝቃዜው ውስጥ አስገባሁላቸው።

«ቦታዎ ይኸውልዎት» አልኳቸው።

እጃቸውን ቶሎ አላወጡትም።